ሊቀ ባሕር ደጅይጥኑና የሚያድገው ድንጋይ

ባሕር ያየ ሰው ባሕር ለሌለበት አገር ፈተና ነው። በየአጥቢያው አንድ አይጠፋም፤ ለሰቆጣ የደረሱን አቶ ደጅይጥኑ ናቸው። ምጽዋ ወደብ ስድስት ዓመት በግንበኝነት ኖረው በ፲፱፻፶፬ ሲመለሱ፣ ይዘው የመጡት ሀብት ጡጫ የሚያህል፣ እንደ ማር እንጀራ የተቦረቦረ ነጭ ድንጋይ ብቻ ነበር። ማዕረጉን እኛ ጨመርንላቸው፦ ሊቀ ባሕር።

«ምጽዋን ያየ ዐይኔ ይመስክር! ኮራል ይባላል፤ ድንጋይ ሆኖ ያድጋል!»

ለቅሶ ቤት ያወጡታል፤ ሰርግ ቤት ያወጡታል፤ ሙሽራ ሳይቀር አገላብጦ እንዲያይ ይገደዳል። እንደ ቃላቸው፣ ከምስር ፍሬ የማትበልጥ የባሕር ፍጥረት ቤቷን ከኖራ ሠርታ ትሞታለች፤ ልጇ በእናቷ ቤት ላይ ትሠራለች። በሺህ ዓመት ማዕበል የሚያደክም ግንብ ይቆማል። ማዕበሉም በበኩሉ ይሸረሽረዋል። ድንጋዩን የሚያኝክ ዓሣም አለ፤ ከሆዱ የሚወጣው አሸዋ ነው።

አርባ ዓመት ያስተማርሁ ሰው ነኝና በአደባባይ ገሠጽኋቸው።

«አቶ ደጅይጥኑ፣ ድንጋይ አይወልድም።»

«የኔታ፣ ባሕሩን ቢያዩት ኖሮ...»

«አላየሁም። ዓሣ አሸዋ ሲያወጣም ማየት አልሻም።»

በዚያው ክረምት ጎርፍ የደብራችንን መካነ መቃብር ይቦረቡር ጀመር። ገደሉ ከአባቴ መቃብር አሥር ክንድ ቀረው። ሁለት ጊዜ ካብ ካብን፤ ሁለት ጊዜ ወሰደው።

«በአንድ ቀን የተካበ ለጎርፍ ቁርስ ነው» አሉ ሊቀ ባሕር። «ለቅዳሴ የመጣ ሁሉ በየእሁዱ አንዳንድ ድንጋይ ይጣል። ውኃውን አንከልክለው፤ እናድክመው።»

«መቼ ያልቃል?» አሉ ወይዘሮ ይታየሽ።

«ያለቀ ዕለት ካቡ ይሞታል!»

የመንደራችን ሰው ገብረ ጻድቅ፣ ምእመኑ በየእሁዱ ከጣለው ክምር ለበረቱ ድንጋይ ሲሰርቅ ተያዘ። ልንፈርድበት ስንል ሊቀ ባሕር በደስታ ዘለሉ፦ «ተዉት! አላልኋችሁም? ዓሣው መጣ!» በየእሁዱ ሁለት እንዲያመጣ ተበየነበት፤ ስሙም «ዓሣው» ሆኖ ቀረ።

ዘንድሮ ሰባተኛ ክረምቱ ነው። በድንጋዮቹ መካከል ደለል ገባ፤ ደለሉ ሣር አበቀለ፤ ሣሩ ድንጋዮቹን አሰራቸው። ጎርፉ ጫፍ ጫፉን ይቦጭቃል፤ እሁድ ይተካል። በየመስከረሙ በመቋሚያዬ እለካለሁ፦ ዛሬም አሥር ክንድ።

ባለፈው እሁድ፣ ሰው ሳይመጣ ማልጄ፣ ከጋቢዬ ሥር የደበቅሁትን ድንጋይ ሳስቀምጥ ሊቀ ባሕር ከኋላዬ ደረሱ። ጥርሳቸው ሁሉ ታየ።

«የኔታ! እርስዎም? ስንተኛዎ ነው?»

«ሦስት መቶ አሥራ ሁለተኛዬ» አልኋቸው። ቁጥር ማሳሳት አልወድም።