የመሐንዲሱ ሙከይፍ

(ጅዳ፣ ሂንዳዊያ ሰፈር፤ ከቀትር በኋላ። ፍቅሩ የአየር ማቀዝቀዣ፣ በጅዳዎች አጠራር የሙከይፍ፣ መሐንዲስ ነው። አርብ ለጓደኞቹ የሚያነበውን ጽሑፍ ያዘጋጃል፤ ስለ ዘመናዊ የክርስትና ሥነ ምግባር። ስለ ሰው ልጅ በሙሉ ያስባል፤ አንዱን ሰው በስሙ ጥራ ቢሉት ግን ይቸገራል። ክፍሉን የሚጋራው ሀሺም መካ፣ ሚስፈላ ሰፈር ተወልዶ ያደገ የሚኒባስ ሾፌር ነው፤ ፍቅሩ ቀርፋፋ ይለዋል። ሁለቱም ላብ በላብ ናቸው።)

ፍቅሩ፦ አልሞቀም አልኩህ።

ሀሺም፦ ወላሂ ሞቋል። ላብህ ወረቀቱ ላይ እየተንጠባጠበ ነው።

ፍቅሩ፦ እሱ የሐሳብ ላብ ነው። ሙከይፉ እየሠራ እንዴት ይሞቃል? ድምፁን አትሰማም?

ሀሺም፦ ድምፁንስ እሰማለሁ።

ፍቅሩ፦ ዐሥራ ሁለት ዓመት ማቀዝቀዣ ላይ ሠርቻለሁ። ድምፁን ብቻ ሰምቼ ስንት ዲግሪ ላይ እንዳለ እነግርሃለሁ። ሃያ ሁለት።

ሀሺም፦ ማሻአላህ። እኔ ያለሁበት ግን አርባ ነው።

ፍቅሩ፦ መጋረጃው ነፋሱን ይዞት ይሆናል። ይልቅ ይቺን ስማ። (ያነባል) «ሕግ መሣሪያ ነው። ሰውን ካልጠቀመ ይጠገናል፤ ካልተጠገነ ይቀየራል። መለኪያው የሰው ደኅንነት ነው፤ ጤናው፣ እንቅልፉ፣ ተስፋው።» ገባህ?

ሀሺም፦ በከፊል። ያኒ፣ ሰው እንቅልፍ ካጣ ሕጉ ትንሽ ይቆያል?

ፍቅሩ፦ መጀመሪያ ሰውየው፣ ከዚያ ሕጉ።

ሀሺም፦ የኔ ነው፣ ያንተ ነው የሚባለውስ?

ፍቅሩ፦ የኔ ያንተ የሕፃንነት ደረጃ ነው። ፍቅር ፈቃድ አይጠይቅም።

ሀሺም፦ ኸላስ፣ ይቺን ያዝኳት።

(ከግድግዳው ማዶ ቀጭን ለቅሶ ይሰማል።)

ፍቅሩ፦ ይኸው ደግሞ፣ የጎረቤት ድመት። ስለ ባልንጀራ ፍቅር ልጽፍ ቁጭ ባልኩ ቁጥር አላስጽፍ ካለችኝ ሁለት ሳምንቷ።

ሀሺም፦ ድመት አይደለችም። ድንቅነሽ ወልዳ ነው።

ፍቅሩ፦ ድንቅነሽ ማናት?

ሀሺም፦ ጎረቤትህ ናታ። እዚህ ስትኖር ሁለት ዓመቷ ነው። ባሏ ወደብ ላይ ዕቃ ያራግፋል። ሙከይፋቸው ተቃጥሎ የሕፃኗ ገላ በሙቀቱ ሽፍ ብሎ፣ ጡት አልይዝ ብላ ነበር።

ፍቅሩ፦ ያሳዝናል። አርብ እጨምረዋለሁ፤ ጥሩ ምሳሌ ይወጣዋል።

ሀሺም፦ ትናንት ግን ሙከይፍ አገኙ።

ፍቅሩ፦ ተመስገን። አየህ፣ የሰጣቸው ሰው ሳያውቀው የኔን ሐሳብ ሥራ ላይ አውሎታል።

ሀሺም፦ ሳያውቀው መስጠቱስ እውነት ነው።

(ፍቅሩ መጻፉን ያቆማል። ተነሥቶ መጋረጃውን ይገልጣል። ሙከይፉ የነበረበት ቀዳዳ በቴምር ካርቶን ተወትፏል።)

ፍቅሩ፦ ሙከይፌስ?

ሀሺም፦ ድምፁን አትሰማም? ሃያ ሁለት ላይ ነው።

ፍቅሩ፦ ይሄ ስርቆት ነው። አትስረቅ ይላል ሕጉ።

ሀሺም፦ ሕጉማ ሰውን ካልጠቀመ ይጠገናል። ያላ፣ ሂድና ንቀለው፤ ከኛ ቀጥሎ ያለው በር ነው።

(ፍቅሩ መፍቻውን አንሥቶ ይወጣል፤ የሚናገረውን በቁጣ እያጠና። ሲመለስ መፍቻው በእጁ ነው፤ ቁጣው ግን የለም።)

ሀሺም፦ ነቀልከው?

ፍቅሩ፦ ሕፃኗ ተኝታ ነበር፤ እጇን እንዲህ ዘርግታ። አፈርኩ፣ ሀሺም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ድመት ስላት ነበር።

ሀሺም፦ እናቷን ታዲያ ምን አልካት?

ፍቅሩ፦ ማጣሪያውን በየሳምንቱ እጠቢው አልኳት። ሐኪሙ ልጅቷን በየሰኞው አምጫት ብሏታል፤ መኪና ግን የላትም።

ሀሺም፦ ምስኪን።

ፍቅሩ፦ ሀሺም በሚኒባሱ ያደርስሻል አልኳት።

ሀሺም፦ በየሰኞው? ሰኞ እኮ የዑምራ ተጓዦችን መካ የማደርስበት ቀን ነው። ሳትጠይቀኝ?

ፍቅሩ፦ ፍቅር ፈቃድ አይጠይቅም።

ሀሺም፦ ያ አኺ፣ ይሄማ ሐራም ነው። የሰው ንብረት ሕግ አለው።

ፍቅሩ፦ የኔ ያንተ የሕፃንነት ደረጃ ነው።

(ግድግዳው ሁለት ጊዜ ይንኳኳል።)

ፍቅሩ፦ በስንት ሰዓት ልዘጋጅ እያለችህ ነው።

ሀሺም፦ (ወደ ግድግዳው ዞሮ) ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ እኅቴ። (ወደ ፍቅሩ) ይሄ ጽሑፍህ አደገኛ ነው። አርብ ለሰው እንዳታነበው።

ፍቅሩ፦ አላነበውም። (ወረቀቱን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ይሰጠዋል) እንካ፣ አራግብበት።