ለሰው አገር ወይን የተሳለች እናት

ባሕር አይታ የማታውቅ የባሕር ማዶ ገበሬ አጋጥማችሁ ታውቃለች? እኔ አብሬያት እኖራለሁ፤ እናቴ ናት። እህቴ ትርንጎ ሊባኖስ ተራራ ላይ፣ ወይን የሚያለሙ ሰዎች ቤት ተቀጥራለች። "ወይኑ ተለቅሞ ሲሸጥ ደመወዜን ተቀብዬ እመጣለሁ" ካለች ወዲህ እናቴ የሰቆጣን ሰማይ ማየት ትታለች። የኛ ማሽላ ዝናብ አጥቶ፣ እሷ የምትጨነቀው የዚያን አገር ወይን በረዶ እንዳይመታው ነው! ባለፈው እሑድማ ይባስ ብላ ለማርያም ጃንጥላ አገባለሁ ብላ ተሳለች።

"ለሰው አገር ወይን?" ብለው ሳቁ የንስሐ አባታችን። "ለማሽላሽስ?"

"አባ፣ ማሽላ ለከርሞም ይዘራል። ልጄን ግን ለከርሞ አይበሉኝ።"

አባ ሳቃቸውን ዋጡ። መስቀላቸውን አሳልመዋት፣ "በረዶውን ያርቅልሽ" አሉ።

እውነቴን ነው፣ ከእናቴ ቀድሜ "አሜን!" ያልኩት እኔ ነኝ።