ማናንግ ኮንሲንግና የእኔ ስፖንሰር

ሐኪም የሌለው ሰፈር አይቻለሁ። መብራት የሌለው፣ ቄስ የሌለው ሰፈርም አይቻለሁ። የቪዛ አዋቂ የሌለው ሰፈር ግን በመላው ፊሊፒንስ ቢፈለግ አይገኝም። የቪዛ አዋቂ ማለት ራሱ የትም ሳይሄድ ሌላውን ሁሉ የሚልክ ሰው ነው። ኤምባሲው ስንት ሰዓት እንደሚከፈት ከዘበኛው በፊት ያውቃል። ቆንስሉ ቁርስ ምን እንደበላ፣ ያ ቁርስም በማን ቪዛ ላይ ምን ጉዳት እንዳደረሰ ይተነትናል። ሳይጠይቁት ይመልሳል። ከጠየቁትማ ያን ቀን ቤትዎ አይገቡም።

በእኛ በኢሎይሎ፣ በሃሮ ሰፈር፣ ይህን ከፍተኛ ሥልጣን የያዙት ክብርት ማናንግ ኮንሲንግ ናቸው። ማናንግ ማለት ታላቅ እህት ማለት ነው፤ እሳቸው የማንም ታናሽ ሆነው አያውቁም። ከቤታቸው ፊት ኮምጣጤ፣ ሳሙና፣ ሳርዲንና ሻማ የሚሸጡባት በሽቦ የታጠረች ትንሽ ሱቅ አለቻቸው። ሰፈሩ የሚዳኘው ከዚያ ሽቦ ጀርባ ነው።

የእውቀታቸው ምንጭ አንድ ብቻ ነው፤ በወጣትነታቸው ለአሜሪካ የጉብኝት ቪዛ ማኒላ ሄደው ተከልክለዋል። እንዲህ ያለ ነገር ሌላውን ሰው አንገቱን ያስደፋዋል። እሳቸውን ሊቅ አደረጋቸው። አንድ ቀን ደፍሬ፣ «ማናንግ፣ እርስዎ እኮ አላለፉም» ብላቸው ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ቶቶ» አሉኝ። ዕድሜዬ ስድሳን አልፏል፣ ለእሳቸው ግን ቶቶ፣ ትንሹ ልጅ ነኝ። «ያለፈማ ቪዛውን ይዞ ሄደ። ፈተናውን የሚያስታውሰው የወደቀ ነው።»



ምክራቸው ብዙ ነው። ጎረቤታችንን ፍሎርዴሊሳን «ቆንስል ሰማያዊ ይወዳል» ብለው ሰማያዊ ቀሚስ አስለብሰው ላኳት። የጋብቻ ወረቀቷ ጎድሎ ስትመለስ፣ «ሰማያዊው ፈዛዛ ነበር» አሉ። ከኢንተርቪው በፊት ባለው ሳምንት የደረቀ ዓሣ መብላት በእሳቸው ሕግ ክልክል ነው፤ ሽታው ወረቀት ውስጥ ይገባል። አንድ ምስኪን ልብስ ሰፊ ሳምንቱን በባዶ ሩዝ ገፍቶ ሄደና ቪዛውን አገኘ። ከዚያ ወዲህ ሕጉ ጸና፤ ተከራካሪም ጠፋ።

ከዕለታት አንድ ቀን ተራው ለእኔ ደረሰ። ልጄ ሮሳፌ ካሊፎርኒያ፣ ፍሬዝኖ የምትባል ከተማ፣ አረጋውያንን በመንከባከብ ትሠራለች። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ብቻዬን መሆኔ እንቅልፍ ነስቷት ስለነበር፣ ዜግነት እንዳገኘች አስቀድማ ያመለከተችው ለእኔ ነው። ሦስት ልጆች አሏት። አንዳቸውንም አቅፌ አላውቅም። ማመልከቻው ጸደቀ ብላ የደወለች ዕለት ወሬውን ለራሴ ላቆየው አስቤ ነበር። ሳሙና ልገዛ ሄድኩ።

«ጸደቀልህ አይደል?» አሉኝ ማናንግ።

«ማን ነገረዎት?»

«ሳሙና ስትገዛ ፈገግ ብለህ አታውቅም። ነገ ልምምድ እንጀምራለን።»

ጀመርን። እሳቸው ከሽቦው ጀርባ በመስኮቱ በኩል ይቀመጣሉ፤ እኔ ውጭ ፀሐይ ላይ እቆማለሁ። ቆንስል ሲሆኑ መነጽር ያደርጋሉ፤ «አንቱ» ይሉኛል።

«ወደ አሜሪካ የሚሄዱት ለምንድን ነው?»

«ከልጄ ጋር ለመኖር።»

«ልጅዎን ይወዷታል?»

«ቆንስሉ እንዲህ ብሎ ይጠይቃል እንዴ፣ ማናንግ?»

«አሁን ማናንግ የሚባል ሰው እዚህ የለም። ይወዷታል ወይ?»

ይህን ጊዜ አንዲት ሴት ኮምጣጤ ልትገዛ መጣች። ቆንስሉ ኮምጣጤውን ቀዳ፣ መልስ ቆጥሮ ሰጠ፣ ተመልሶም ዓይኑን እኔ ላይ ተከለ። ሴትዮዋ ጠርሙሷን ይዛ አልሄድ አለች።

«ይወዳታል» አለች። «በስልክ ሲያወራት ሳቁ እኛ ቤት ድረስ ይሰማል።»

«ምስክር አይፈቀድም» አሉ ማናንግ፣ ከመነጽራቸው በላይ እያዩዋት።

ወረቀቱ ሁሉ አንድ በአንድ ተሟላ፤ የልደት ምስክር፣ የፖሊስ ማረጋገጫ፣ ፎቶግራፍ። ከዚያ ሮሳፌ ደወለች። ድምጿን እንደሰማሁ ነገር እንዳለ ገባኝ። ስፖንሰር የሚሆነው ሰው፣ አባቴን እኔ አኖረዋለሁ፣ በመንግሥት ላይ ሸክም አይሆንም ብሎ ይፈርማል፤ ገቢውም ለቤተሰቡ ቁጥር የሚበቃ መሆን አለበት። የእሷ ገቢ ለልጆቿና ለእኔ አይበቃም ተባለ። አሜሪካ የሚኖር ሌላ ሰው አብሯት ካልፈረመ ጉዳዩ አይቀጥልም። የሥራ ጓደኞቿን ጠይቃ ነበር። አንዱ ሚስቴን ላማክር ብሎ ጠፋ፤ ሌላዋ ስታያት መንገድ መቀየር ጀመረች። አልፈርድባቸውም። ለማያውቁት ሽማግሌ ተጠያቂ መሆን ቀላል አይደለም።

«አባዬ፣ ይቅርታ» አለችኝ።

«አንቺ ምን አጠፋሽ» አልኳት። ስልኩን ዘግቼ ግን እስኪመሽ ከወንበሬ አልተነሳሁም።

ማናንግ ሲሰሙ አልደነገጡም። «እኔ እፈርማለሁ» አሉ። «ሱቅ አለኝ፣ መሬት አለኝ፣ የማንም ዕዳ የለብኝም።»

«አሜሪካ የሚኖር ሰው መሆን አለበት፣ ማናንግ።»

«መሬቴ አሜሪካ ባይሆንም መሬት ነው።»

ነገሩ ሲገባቸው የሱቁን መስኮት ዘግተው ገቡ። በቀን ሲዘጉ አይቻቸው ስለማላውቅ የታመሙ መሰለኝ። በማግሥቱ ሱቁ ተዘግቶ ዋለ፤ ሰፈሩም ማን ሞተ ብሎ ተደናገጠ። ከሰዓት በኋላ እቤቴ መጡና ሳይቀመጡ፣ «ዳልማስዮ ይፈርማል» አሉኝ።

ዳልማስዮ የአጎታቸው ልጅ ነው፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ ስቶክተን የሚኖር፣ በአናጢነት የሚሠራ፣ ጥሩ ገቢ ያለው ሰው። ችግሩ ማናንግና እሱ ከተኳረፉ ዘመን አልፏል። ምክንያቱን ሃሮ ውስጥ የማያውቅ የለም። ዳልማስዮ ልጁን ሊወስድ ወረቀት ሲያዘጋጅ፣ ማናንግ «አትቸኩል፣ ወረቀቱን ከበዓሉ በኋላ ብትልክ ይሻላል፤ በበዓል ሰሞን ፋይል ይጠፋል» ብለው መከሩት። ሰምቷቸው ቆየ። በመሃል ልጁ ሃያ አንድ ዓመት ሞላውና ከልጆች ሰልፍ ወጥቶ ከአዋቂዎች ሰልፍ ገባ፤ ያኛው ሰልፍ ደግሞ ዓመታት ይፈጃል። እናቱ ስቶክተን ሆና፣ እሱ እዚህ ሆኖ ጎለመሰ። ዳልማስዮ በኋላ ለዕረፍት ሲመጣ በሰው ፊት «ልጄን ያስቀረችብኝ ያንቺ አፍ ነው» አላቸው። እሳቸውም «ፖስታ ቤቱ ነው» ብለው መለሱ። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም።

«እንዴት ፈረመ?» አልኳቸው።

«ይቅርታ ጠየቀኝ» አሉ። «እኔም ይቅር አልኩት።»

ወረቀቶቹ በሁለት ሳምንት ደረሱ፤ የተፈረመው ቅጽ፣ ግብር የከፈለበት ማስረጃ፣ የአሠሪው የደመወዝ ደብዳቤ፣ የፓስፖርቱ ቅጂ። ማናንግ እያንዳንዱን ወደ ፀሐይ ከፍ አድርገው መረመሩ። ሁሉንም በብዙ ቅጂ አስባዙ፤ የአንዱ ቅጂ ጥቁረት ስላልጣማቸው እንደገና አስባዙ።

እኔ ዳልማስዮን ላመሰግን ደወልኩ። በልጅነታችን ከመተያየት በቀር የጠበቀ ትውውቅ የለንም።

«እኔን አታመስግነኝ» አለኝ። «ኮንሲንግ ደወለች። ስሟን ስሰማ ልዘጋው ነበር። ‹ዳልማስዮ፣ በልጅህ ጉዳይ ተሳስቼ ነበር፤ ቤትህን አጎደልኩብህ› አለችኝ። አልሰማሁም፣ ድገሚው አልኳት። ደገመችው። አሁንም መስመሩ ይንኮሻኮሻል፣ ድገሚው አልኳት።»

«ደገሙት?»

«ደገመችው። እያለቀሰች። መስመሩ እኮ ደህና ነበር። ጠርቶ ይሰማ ነበር። ከዚያ በኋላ ምን ብላ ብትጠይቀኝ እምቢ እላለሁ? ይህን እንደነገርኩህ ግን አትንገራት።»

አልነገርኳቸውም።

ለኢንተርቪው ማኒላ አብረውኝ ሄዱ። አያስፈልግም ብላቸው፣ «አንተ ብቻህን ከአውሮፕላን ማረፊያው መውጫውን አታገኝም» አሉኝ። መውጫውን ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ ግን ይሁን። ዋዜማውን በእንግዳ ማረፊያው የመጨረሻ ልምምድ አደረግን።

«ዳልማስዮ ምንህ ነው ሲሉህ የአጎቴ ልጅ ነው በል።»

«የእርስዎ የአጎት ልጅ ነው እንጂ።»

«እኔስ ምንህ ነኝ?»

«ጎረቤቴ።»

«ይህን ሁሉ ዘመን አጠገብህ ኖሬ ጎረቤት ብቻ ነኝ?»

አፈርኩ። «እንግዲያው የአጎትህ ልጅ ነው» ብለው መነጽራቸውን አወለቁ።

በማግሥቱ ወረቀቴን በሁለት እጄ አቅፌ ገባሁ። እሳቸው በበሩ ቀሩ፤ ወደ ኋላ ዞር ብዬ ሳይ ዘበኛውን ስለ ወረፋው አያያዝ ሲመክሩት ነበር። መስኮቱ ጋ ያገኘሁት ቆንስል ወጣት ሴት ናት፣ አጠገቧም አስተርጓሚ አለ። መጀመሪያ ቀኝ እጄን አንስቼ እውነቱን ልናገር ማልኩ። ከዚያ በኋላማ የአጎቴ ልጅ የሚለው ነገር ከአፌ አልወጣ አለኝ።

«አብሮ የፈረመው ሰው ምንዎ ነው?»

«የጎረቤቴ የአጎት ልጅ።»

ቀና ብላ አየችኝ። «የእርስዎ ዘመድ አይደለም?»

«አይደለም። በደንብም አንተዋወቅም።»

«ታዲያ በደንብ የማያውቅዎት ሰው ይህን ያህል ኃላፊነት ለምን ይወስዳል? ይህ ፊርማ ዝም ብሎ ወረቀት እንዳልሆነ ያውቃሉ?»

ልምምዳችን ውስጥ ይህ ጥያቄ አልነበረም።

«ጎረቤቴ በድለውት ነበር» አልኩ። «ለብዙ ዓመት ተኳርፈዋል። ጥፋቴ ነው ብለው የማያውቁ ሴት ናቸው። እኔ ከልጄ ጋር እንድገናኝ ሲሉ ደውለው ይቅርታ ጠየቁት። እሱም ፈረመ። ከዚህ ሌላ ምክንያት የለውም።»

አስተርጓሚው ቀስ ብሎ ተረጎመ። እሷም የግብሩን ወረቀትና የደመወዙን ደብዳቤ አስተያየች፤ እንደገና ገለጠች፤ ሮሳፌ መቼ እንደሄደች፣ የት ቤት እንደምኖር ጠየቀችኝ።

«ጎረቤትዎ አሁን የት ናቸው?»

«ከበሩ ውጭ። ዘበኛውን እያሠለጠኑት ነው።»

ይህንንም አስተርጓሚው ተረጎመ። ፈገግታዋን ለመደበቅ ወደ ወረቀቱ አቀረቀረች፤ ከዚያም ቪዛዬ እንደጸደቀ ነገረችኝ።

ስወጣ ማናንግ በመንገዱ ማዶ ዛፍ ሥር ጃንጥላ ዘርግተው ቆመዋል። ፊቴን አይተው ተረዱ፤ ግን እንደ ልማዳቸው ምርመራ ጀመሩ።

«ስለ ዳልማስዮ ጠየቁህ?»

«ጠየቁኝ።»

«የአጎቴ ልጅ ነው አልክ?»

በሙቀቱ ሲጠብቁኝ ፊታቸው ቀልቷል፤ ውኃ እንኳን አልጠጡም።

«እንዳሉኝ አልኩ» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ጃንጥላውንም ወደ እኔ አስጠጉ። «ሌላ ብትል ኖሮ አበቃልህ ነበር» አሉ።

በሐምሌ ሸኙኝ። ከሰልባጅ ተራ የገዙትን፣ ብርድ ልብስ የሚያህል ወፍራም የሱፍ ካፖርት አለበሱኝ፤ አሜሪካ በረዶ ነው፣ ከአውሮፕላኑ ስትወርድ ሳንባህን ይመታሃል ብለው። ሮሳፌ ስለ ፍሬዝኖ ሙቀት አስቀድማ ነግራኛለች። እስከ አንገቴ ቆለፍኩት።

ልጄ አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ትንሿን ልጇን ሰጠችኝና እያለቀሰች ትስቅ ጀመር። «አባዬ፣ ውጭው ይጠብሳል። ይህ ካፖርት ምንድን ነው?» መልስ ሳልሰጣት ስልኳ ጮኸ፤ ጆሮዬ ላይ አደረገችልኝ። ማናንግ ኮንሲንግ ናቸው።

«ቶቶ፣ ደረስክ? በረደህ?»

ሕፃኗ አንገቴ ሥር ተኝታለች፤ ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል።

«ለጉድ ይበርዳል፣ ማናንግ» አልኳቸው። «ካፖርቱ ባይኖር ምን ይውጠኝ ነበር።»