መኪናዬ ሲታመም ሐኪም ቤት የሄድኩ እኔ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ሲባል ሰምታችኋል። እኔም ሰምቻለሁ፤ ሌላ ሰው ስመክርበትም ኖሬአለሁ። ምክር ለሰው ሲሰጡት ቀላል ነው፤ የሚከብደው ወደ ራስ ሲዞር ነው። በተለይ እኛ ወንዶቹ፣ እርጅና ደጃችን ቆሞ ሲያንኳኳ «ማን ነው?» በማለት ፈንታ «ሰው የለም!» የምንል ጉዶች ነን።

ያኔ በአሮጌ ፒክአፕ ከቢቸና ሞጣ ጨውና ሳሙና፣ ከሞጣ ቢቸና ደግሞ ጤፍ አመላልስ ነበር። አንድ መስከረም ላይ ክንዴ ይዝል ጀመር። መጀመሪያ ደብረ ወርቅን ካለፍኩ በኋላ ባሉት ጠመዝማዛዎች ላይ ነበር፤ ኋላ ግን ገበያ መሀል መኪና ለማዞር ሁለት እጄን፣ ትከሻዬን፣ አልፎ አልፎም ጥርሴን እጠቀም ገባሁ። አባቴ በስተርጅናቸው ግማሽ ጎናቸው ሰልሎ ነው ያረፉት። እንግዲህ ተራዬ ደረሰ አልኩ። ለባለቤቴ ለየሽወርቅ አልነገርኳትም። ኑዛዜዬን ግን በልቤ ተናዝዣለሁ፤ የቀረኝ የከብቶቹ ክፍፍል ብቻ ነበር።

ፍርሃቱ ሲበረታብኝ ሞጣ ላይ ሐኪም ዘንድ ገባሁ።

«ምን ሆኑ አባባ?» አለኝ ወጣቱ ሐኪም።

«መሪው ከበደኝ።»

ተነሥቶ በሩን ዘጋው። ዘመኑን ታውቁታላችሁ፤ መሪ ከበደኝ ያለ ሰው የሰማውንም ያስጠይቃል። «የመኪናዬን ማለቴ ነው» ስለው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ።

ጣቶቹን አስጨበጠኝ፤ ብጨብጠው «ይበቃል! ይበቃል!» አለ። ጉልበቴን በትንሽ መዶሻ መታ፤ ደም ግፊቴን ለካ።

«ጤፍ ሲያወርዱስ ይዝልዎታል?»

«ኩንታልማ ብቻዬን ነው የማወርደው።»

«ታዲያ መቼ ነው የሚዝልዎት?»

«መኪና ሳዞር።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «አባባ፣ መመርመር ያለበት መኪናው ነው።»

ሙላት የሚባል የሞጣ መካኒክ፣ ከአፉ ይልቅ በጆሮው የሚሠራ ሰው ነው። ሞተሩን አጥፍቶ መሪውን አዞረ፤ አስነሥቶም አዞረ። ክብደቱ ያው። ከኮፈኑ ሥር እናቱን ያጣ ጥጃ የመሰለ ድምፅ ይሰማል። የመሪው ዘይት አልጎደለም፤ ግን ጠቁሯል። የመሪውን ፓምፕ የሚያዞረው ቀበቶ፣ ቺንጊያው፣ አልላላም። የፊት ጎማዎቹን በክሪክ አንሥቶ ሲሞክረው መሪው እሺ አለ።

«ጋሼ፣ ሌላው ሁሉ ደህና ነው፤ የሞተው ፓምፑ ነው። ዘይቱን እየገፋ መሪዎን የሚያግዝዎት እሱ ነበር። ይሄን ሁሉ ጊዜ በጉልበትዎ ነው የነዱት።»

በጉልበትዎ! ይህን ቃል ደግሞ እንዲልልኝ ብዬ «ምን አልክ?» አልኩት።

ፓምፑ ከባሕር ዳር በአውቶቡስ እስኪመጣ ሁለት ቀን ሞጣ ተቀመጥኩ። ሙላት አሮጌውን ፈትቶ አዲሱን አሰረ፤ አዲስ ዘይት ሞላ፤ ጎማዎቹ እንደተንጠለጠሉ መሪውን ግራና ቀኝ ደጋግሞ እያዞረ በዘይቱ ውስጥ የገባውን አየር አስወጣ። መኪናው መሬት ሲወርድ መሪውን በአንዲት ጣቴ አዞርኩት። እንባዬ መጣ። ለሙላት «አቧራ ነው» አልኩት።

ቢቸና ገብቼ ለየሽወርቅ ሁሉንም ዘርግፌ ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ከሣጥኗ ባለዘርፍ ጃንጥላ አወጣች፤ ለማርያም የተሳለችው ነው።

«ሸሚዝ ስትለብስ ክንድህን ስታሽ የማላይ መስሎህ ነው? እንዳትደነግጥ ብዬ ዝም አልኩህ እንጂ፣ ክንዱን አድኚልኝ ብዬ ተስያለሁ።»

«ክንዴማ መቼ ታመመና! የሞተው ፓምፑ ነው።»

«ታዲያ አሁን ክንድህ ደህና አይደለም?»

እሑድ ጃንጥላውን ይዤ ከኋላዋ ተከተልኩ። መንገድ ላይ ላገኘችው ሁሉ «ዳነልኝ» ትላለች፤ እኔም «አሜን» እላለሁ። ባልና ሚስት በአንድ ጣሪያ ሥር አንድን ፍርሃት ተደባብቀን የከረምን ሰዎች፣ ከዳንን በኋላ ደግሞ ማን አዳነን ብለን እንጣላ?