የተሾመ የብቻ ሸክላ

ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም ይላሉ አበው። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል የሚሉትም እነሱው ናቸው። እንግዲህ ምረጡ! ድሬዳዋ ግን ምርጫ አትሰጥም። በዚች ከተማ ከሰዓት በኋላ ጫትህን ይዘህ ለብቻህ ብትቀመጥ፣ ጎረቤትህ "አቦ፣ አሞሃል እንዴ?" ብሎ ሳይጠራ ገብቶ ፍራሽህን ይጋራሃል። ስለዚህ ተሾመ "ለብቻዬ ሸክላ አስቀርጻለሁ" ብሎ ሲነሣ፣ ጉዱን ለማየት ከእኔ በላይ የቸኮለ አልነበረም።

ተሾመ ከእኔ ጋር ባቡር የሚጠግን በያጅ ነው። ማታ ማታ ከዚራ ሰፈር ባለ ክበብ ውስጥ ከዘፋኙ ጀርባ ቆሞ ጊታር ይጫወታል። ነፍሱ ግን ያለችው በጅቡቲ በኩል በሚገቡት ሸክላዎች በሰማው፣ ብሉዝ በሚሉት የጥቁር አሜሪካውያን እንጉርጉሮ ላይ ነው። እኔ "ሱሪ የታጠቀ ትዝታ" እለዋለሁ። እሱ ይቆጣል፤ እኔ ግን ልክ ነኝ።

የሸክላው ነገር የመጣው በአልማዝ ምክንያት ነው። አባቷ አቶ በላይነህ የጣቢያው ትኬት ሻጭ ናቸው። ተሾመ ልጃቸውን እንደሚፈልግ ሲሰሙ፣ ዘር ማንዘሩ የማይታወቅ፣ ከሰው ጀርባ ቆሞ ክር የሚነካካ አዝማሪ ልጄን አያገባም፤ እስቲ በስሙ የሠራውን አንድ ነገር ያሳየኝ አሉ። እውነትም ተሾመ እዚህ ዘመድ የለውም። ልጅቱን ደግሞ የሚወዳት ከልቡ ነው፤ እንቅልፍ አጥቶ ከስቶ ነበር። በስሜ ካሉማ፣ አለ፣ ሸክላ አስቀርጻለሁ።

መቅረጫው ከአዲስ አበባ መጣ። እሑድ ጠዋት ባዶ ሲኒማ ቤት ተከራየን። ዕቅዱ አንድ ጊታር፣ አንድ ጉሮሮ ነበር። ታዲያ ገና ክሩን ሲቃኝ የመጋላ ገበያው ልብስ ሰፊ ሙሳ ሶማሌው ለማዳመጥ ብቻ ነው የመጣሁት እያለ ገባ፤ ኡዱን፣ ያንን ሆደ ትልቅ የዓረብ ክራር፣ ግን በብብቱ ይዟል። ቀጥሎ ዳቦ ጋጋሪው ግሪክ ኮስታ አኮርዲዮኑን አንግቶ ከተፍ አለ። እንግዳ ደጅ ላይ ቆሞ ግባ አይባልም? የሸክላው አንዱ ገጽ ለሙሳ፣ ሌላው ለኮስታ ተካፈለ። እኔማ አንድም መሣሪያ አልችል፤ አጨበጨብኩ። ንጉሥ ይሙት፣ ጥሩ አድርጌ ነው ያጨበጨብኩት።

ሸክላው ታትሞ ሲመጣ በደስታ ልበር ምንም አልቀረኝ! የተሾመ ስም በትልቁ ተጽፏል። ቀረ ሽምግልናው። ዘመድ ለሌለው ማን ይሄዳል? ሙሳ፣ ኮስታና እኔ ሦስታችን ሄድን፣ ሸክላ ማጫወቻውን ተሸክመን።

እንደ ደንቡ በራፉ ላይ ቆመን ጉዳያችንን ተናገርን፤ ተቀመጡ ተባልን፤ ሸክላው ዞረ። ሥራችን ተሾመን ማወደስ ነበር። ነገር ግን ኡዱ ሲጀምር ሙሳ "ወላሂ፣ ይቺን ስሙልኝ!" እያለ ከወንበሩ ተነሣ። ኮስታ ገጹ ሳያልቅ ገለበጠና አኮርዲዮኑ የገባበትን በጣቱ ማመልከት ያዘ። እኔም ጭብጨባው የማን እንደሆነ ሳልጠየቅ መናገር ነበረብኝ። ስለ ሙሽራው ግን ማናችንም አንዲት ቃል አልተነፈስንም። ብቻ ያየሁት የአቶ በላይነህ እግር ከወንበሩ ሥር ምት ሲመታ ነው።

ሸክላው ሲያልቅ ቀና ብለው አዩን።

"ለመሆኑ ሽማግሌ ሆናችሁ የመጣችሁት ለማን ነው?"

አፈርን። ሙሳ ጎንበስ ብሎ "ለወንድማችን ነው" አለ።

"የሦስታችሁም ወንድም?"

"የሦስታችንም" አለ ኮስታ።

አቶ በላይነህ ሶማሌውን አዩ፤ ግሪኩን አዩ፤ እኔንም ለወጉ ያህል አዩኝ። ከዚያ ሳቅ አመለጣቸው።

"በሉ፣ ዘመድስ አለው፤ ልጄን ሰጥቻለሁ። በሰርጉ ቀን ግን የምትጫወቱት እናንተ ናችሁ። ሙሽራው እጁን ሰብስቦ ይቀመጥ።"

ተሾመ ደረቁ የደቻቱ ወንዝ ዳር ሆኖ ይጠብቀን ነበር። የምሥራቹንም ቅጣቱንም ባንድ ትንፋሽ ነገርነው። አሸዋው ላይ ዝርፍጥ ብሎ ተቀመጠና እንባው መጣ፤ እየሳቀ ነው የሚያለቅሰው።

"እሷን ከሰጡኝ ጊታሩንም ይውሰዱት" አለ።

ይህንን ሄደን ለአቶ በላይነህ ነገርናቸው። ጊታሩን አልወሰዱም። ሸክላውን ግን ይኸው እስከ ዛሬ አልመለሱልንም።