የይታይሽ ቢራቢሮ

ሰው ቤት በእንግድነት ስትገቡ ዓይናችሁ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ግድግዳው ነው። አትካዱ፤ እኔም እንደዚያው ነኝ። «ጤና ይስጥልኝ» እያልን በጎን የሠርጉን ፎቶግራፍ እናያለን፤ ሙሽራው ያን ጊዜ ጠጉር እንደነበረው እንታዘባለን፤ የእመቤታችንን ሥዕል ተሳልመን ከጎኑ ወዳለው ካላንደር እንሻገርና ሳይገለበጥ ስንት ወር እንዳለፈው እንቆጥራለን። ግድግዳ የባለቤቱን ገበና አደባባይ ያወጣል። በደርግ ጊዜማ ነገሩ ከበድ ይል ነበር፤ የሰቀላችሁት ብቻ ሳይሆን ያልሰቀላችሁትም ያስጠይቅ ነበር።

እኔ የሰቀልሁት ጥንዚዛና ሸረሪት ነው።

ቢቸና የሥነ ሕይወት መምህር ነበርሁ። ቤተ ሙከራ ተብሎ በተሰጠን ክፍል ውስጥ ከአንድ የተሰነጠቀ አጉሊ መነጽር በቀር ምንም ስላልነበረ ቤተ ሙከራውን ቤቴ አቋቋምሁት። የአሮጌ ፎቶግራፍ መስተዋት ከሳሙና ካርቶን ጋር አገጣጥሜ ሳጥን ሠራሁ። ጥንዚዛው፣ ፌንጣው፣ ተርቡና ቢራቢሮው በስፒል ይሰካሉ። ሸረሪት ግን በስፒል አይሆንም፤ ሆዷ ይጨማደዳል። ስለዚህ ሸረሪቶቼን በትንንሽ ብልቃጥ ዳግም አረቄ ውስጥ አኖርኋቸው። አረቄ ሻጯ ጎረቤቴ «መምህር ጠጪ ሆነ» ብላ ስታዝንልኝ ከርማ፣ የምገዛው ለሸረሪት መሆኑን ስትሰማ ይበልጥ አዘነች። ስፒሉን የምገዛው ሞጣ ለዘመድ ጥየቃ ስሄድ ነው። የሱቁ ባለቤት ሐጂ «ሸረሪት እንዳትገድል፤ ነቢያችንን የዋሻው አፍ ላይ ድር አድርታ የሸሸገች ባለውለታ ናት» ብለው ስላስማሉኝ፣ በራሷ ጊዜ የሞተች ካልሆነች አልነካም። እኛ ደግሞ በየስብሰባው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እያልን እናጨበጭብና ቤታችን ስንገባ ባለድሯን በመጥረጊያ እናባርራለን።

ከእያንዳንዱ ፍጥረት በታች ትንሽ ወረቀት አለች፤ የት ተያዘ፣ መቼ ተያዘ፣ ማን ያዘው። ተማሪዎቼን «ወረቀት የሌለው ጥንዚዛ ጥራጊ ነው፤ ወረቀት ያለው ግን ዕውቀት ነው» እላቸው ነበር። እነሱም ስማቸው መስተዋት ውስጥ እንዲገባ ሲሉ የቢቸናን ሜዳ ፌንጣ አሳጡት። ባለቤቴ ይታይሽም አልቀረችም። አንድ ቀን ሱሃ ወንዝ ዳር ልብስ ስናጥብ አንዲት ቢጫ ቢራቢሮ በነጠላዋ ያዘች፤ ደስ ብሏት ከሳጥኑ መካከል ቦታ እንድሰጣት ለመነችኝ። ሰጠኋት። ከተጋባን አራት ዓመት ሆኖን ነበር። ልጅ አልነበረንም። ስለዚህ ነገር ብዙ አናወራም፤ ግን የጎረቤት ሕፃን ስታቅፍ ቶሎ ለእናቱ እንደምትመልስ አይ ነበር።

የወረዳው ካድሬ ሳጥኑን አይቶ «ሳይንሳዊ አመለካከት ማለት ይኸ ነው!» ብሎ አጨበጨበ። አማቴም መጥተው አዩት። እሳቸው አላጨበጨቡም።

አማቴ እማሆይ ጥሩወርቅ የሞጣ ቄስ ሚስት ነበሩ፤ ባላቸው ሲያርፉ መነኮሱ። ዳዊት ስለሚደግሙ የተጻፈ ነገር አይተው አያልፉም። ሊጠይቁን መጥተው ሳጥኑ ፊት ቆሙና ወረቀቶቹን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። መካከል ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። እንግዲህ ነገሩን በእሳቸው ዓይን ተመልከቱት። ያለነው ጎጃም ነው። የሰው ስም ወረቀት ላይ ተጽፎ፣ ከበላዩ የሞተ ፍጥረት በመርፌ ተወግቶ ሲገኝ ያ ሥነ ሕይወት አይባልም፤ መተት ነው የሚባለው። ልጃቸው አራት ዓመት ሙሉ ያላረገዘችበት ምክንያት ይኸውና፣ በገዛ ባሏ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እኔ በእሳቸው ቦታ ብሆን ከዚያ ቤት ውኃም አልቀምስ።

በማግሥቱ «አሞኛልና ልጄ ትሸኘኝ» አሉ። ይታይሽ ነጠላዋን አጣፍታ ተከተለቻቸው። ለሳምንት የሄደች ሰው ወር አለፋት። በመጨረሻ በሹፌር እጅ ደብዳቤ ደረሰኝ፦ «እናቴ መተት ሠርቶብሻል ትላለች። ሽማግሌ ጠርታለች። ሳጥኑን ይዘህ ካልመጣህ አልመልሳትም ብላለች።» ከግርጌው በደቃቅ ፊደል «እባክህ ና» የሚል ነበረበት። እሱን ብዙ ጊዜ አነበብሁት።

ሳጥኑን ጭኔ ላይ አድርጌ በጭነት መኪና ጋቢና ወደ ሞጣ ሄድሁ። ኬላ ላይ ጠባቂው «ምንድን ነው?» አለኝ። «ጥንዚዛና ሸረሪት» አልሁ። እኔንና ሳጥኑን እያፈራረቀ አየን። ለእኔ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ነበረኝ፤ ለእነሱ ግን አላወጣሁላቸውም። አንዱን ብልቃጥ ከፍቶ አሸተተ፤ አረቄ መሆኑን ሲያውቅ ሸረሪቷን አንድ ጊዜ አየና እያዘነ ከደነው። አለፍን።

ሞጣ፣ አማቴ ግቢ ካለው ወይራ ሥር ሦስት ሽማግሎች ተቀምጠዋል። ድሮ «ልጄ» ይሉኝ የነበሩት እማሆይ «መምህር፣ ይቀመጡ» አሉኝ። አንቱታ ከወዳጅ ሲመጣ ክብር ነው፤ ከተቆጣ አማት ሲመጣ ግን በር መዝጋት ነው። ተነሥቼ ስለ ነፍሳት አሰባሰብ ሥርዓት በሰፊው አስረዳሁ። ጥሩ ትምህርት ነበር፤ አንዱ ሽማግሌ አንቀላፉ። ሁለተኛው፣ ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ መሪጌታ፣ ወረቀቷን ወደ ብርሃን አስጠግተው አነበቡና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይህስ መተት አይደለም። ለመተት የክርስትና ስም ነው የሚጻፍ፤ እሱም ከነእናት ስሙ። እዚህ ያለው የዓለም ስሟ ብቻ ነው።»

ነጻ ወጣሁ! ሰው ሁሉ ዓይኑን ከእኔ ላይ አንሥቶ መሪጌታው ላይ ተከለ። «ሲሉ ሰምቼ ነው» አሉ፣ ፈጠን ብለው።

እማሆይ ግን አልተረቱም። «መተትም ባይሆን፣ በልጄ ስም ላይ መርፌ ምን ይሠራል?»

ያን ጊዜ ይታይሽ ከበሩ ሥር ተነሣች። «ስሙን የጻፍሁት እኔ ነኝ» አለች። «ቢራቢሮዋንም የያዝኋት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ምነው ወር ሙሉ ዝም አልሽ?» አሏት መሪጌታው።

መልሱን የሰጠችው ለእኔ ነው። «ትምህርትህን አምናለሁ» አለችኝ፤ «ግን ንቀልልኝ።»

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ተቀየምሁ። አራት ዓመት አንድ ጣራ ሥር ስሰብክላት የኖርሁት ሚስቴ! ከዚያ የጎረቤት ሕፃን ቶሎ ለእናቱ ስትመልስ ትዝ አለችኝ። ምን ያህል ልጅ እንደምትፈልግ፣ ምን ያህልም ለእኔ ስትል እንደደበቀችው ያን ቀን ገባኝ። ሳጥኑን ከፍቼ ስፒሉን ነቀልሁ። ቢራቢሮዋ ደርቃ ስለነበር ጣቴ ላይ ብናኝ ሆነች። እማሆይም «ልጄ፣ እህል ቅመስ እንጂ» አሉኝ። በማግሥቱ ከነሚስቴ ቢቸና ገባሁ።

በዓመቱ ሴት ልጅ ወለድን። ምክንያቱን ከእኔ በቀር መላው ቢቸና ያውቅ ነበር። እንዲያውም ሁለት ሴቶች ስማቸው ሳጥኔ ውስጥ አለመኖሩን ሊያረጋግጡ ቤቴ ድረስ መጡ።

ለክርስትናው እማሆይ ከሞጣ መጡ። እኔም ንግግሬን አዘጋጅቼ ጠበቅኋቸው፤ አንድ ነገር ከሌላው ቀጥሎ ስለመጣ ብቻ በእሱ ምክንያት መጣ አይባልም የሚለውን፣ በየዓመቱ የማስተምረውን። እሳቸው ግን ስለ ቢራቢሮዋ አንዲት ቃል አላነሡም። በርጩማ አስመጥተው ሳጥኑ ፊት ተቀመጡና ወረቀቶቹን እንደገና ያነቡ ጀመር።

«ይህ ደሳለኝ የሚባል ማነው?»

«ተማሪዬ ነበር።»

«አሁንሳ የት ነው?»

«ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዷል። ሰሜን ነው።»

«ይህስ፣ ስመኘው?»

«እሱም እዚያው ነው።»

ጣታቸው እየወረደ ሄደ፤ እኔም እየመለስሁ ሄድሁ። ሰባት ሆኑ። በየጊዜው አንድ አንድ እያሉ ሲወሰዱ አይቻለሁ እንጂ ሰብስቤ ቆጥሬያቸው አላውቅም ነበር። እማሆይ የነጠላቸውን ጫፍ ወደ አፋቸው አስጠጉ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «የእኔን ነቀልህልኝ። እነዚህ እናት የላቸውም?»

ንግግር አዘጋጅቼ ነበር አልኋችሁ። እሱን ተውሁት። ሳጥኑን አወረድሁና ሰባቱን ስፒል አንድ በአንድ ነቀልሁ፤ እሳቸው ስሙን እየጠሩ በመዳፋቸው ተቀበሉኝ። ምንም እንደማያደርግ አውቃለሁ። ያን ጊዜም አውቅ ነበር። እጄ ግን አንዱንም ስፒል መልሶ ሊሰካ እሺ አላለኝም።

ከሰባቱ ሦስቱ ተመልሰው መጡ። እማሆይ የሦስቱንም መመለስ ለእኔ ቆጠሩልኝ፤ ሞጣ ላይም ቢቸና ላይም አወሩልኝ። ስላልተመለሱት አራቱ ግን፣ እስካረፉባት ቀን ድረስ፣ አንድም ጊዜ አንሥተውብኝ አያውቁም።