ጋሽ ተሰማ ዩኒቨርሲቲ ሲመርጡልኝ

ዓለምን ሁሉ በሥራው መሣሪያ የሚመዝን ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አጋጥሞኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ ብዬም አልጠገብኩ።

ጎረቤታችን፣ የአቃቂ ባቡር ጣቢያው ጋሽ ተሰማ፣ የፉርጎን የብረት ጎማ በመዶሻ እየመቱ፣ የተሰነጠቀውን በድምፁ የሚለዩ ሰው ነበሩ። ሐብሐብ ሲገዙም ያንኳኳሉ። ልጃቸውን ሊያገባ የመጣውን ሰው ደረት አላንኳኳሁም ብለው ይምላሉ፤ እኔ ግን እጠራጠራለሁ።

ውጭ አገር ምህንድስና እንድማር ሦስት ዩኒቨርሲቲዎች ሲቀበሉኝ፣ ፎቶው ያማረውን ልመርጥ አልኩ። ጋሽ ተሰማ ተቆጡ።

«ቀለሙን አይተህ ነው ፉርጎ የምትሳፈረው? አንኳኳቸው እንጂ!»

«በምን ላንኳኳቸው፣ ጋሼ?»

«በጥያቄ ነዋ! የተሰነጠቀ ጎማ በመዶሻ ሲመታ እንዴት እንደሚጮህ ጠይቃቸው።»

ምን ላድርግ? ጻፍኩ። ሁለቱ በፎቶ ያሸበረቀ ወፍራም መጽሔት ላኩልኝ፤ ስለ ጎማው ግን ትንፍሽ አላሉም። ከሦስተኛው አንድ አስተማሪ በእጁ ጽፎ፣ «ሰምቼው አላውቅም፤ ስትመጣ አሰማኝ» አለኝ።

ደብዳቤውን እየተረጎምኩ ሳነብላቸው፣ ጋሽ ተሰማ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ።

«ይኼኛው ስንጥቅ የለበትም። ሂድ» አሉኝ።

ሄድኩ። አስተማሪው ባቡር ጣቢያ ድረስ መጥቶ ጠበቀኝ፤ በእጁ መዶሻ ይዟል።